መንገድ ጭር ሲል ማስተዋልን ለማገድ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! ጆሮ ያለህ ስማ፤ ያልሰማህ ከሰማው ጠይቅ፤ አስፋልት ዳር የቆምክ ግን ሰምተህ እስክትጨርስ አትጠብቅ፣ ዞር በል።

እኛ በአርባ ምንጭ በሲቀላና በሴቻ፣ በላንቴና በጫኖ፣ በብርብርና በሼሌ፣ በዶርዜና በጨንቻ ጥምዝምዝ ላይ መሪ የጨበጥን፣ መንገዱ ባዶ ሲመስለን ቀኝ እግራችን ነዳጁ ላይ ተኝቶ የሚቀር ሹፌሮች፤

ነዳጅ ሲጠፋ ባጃጁና ሞተሩ ማደያ በር ላይ ተሰልፎ ስለሚያድር፣ በሃይላንድ የተቀዳች ቤንዚን በጓሮ በር የገዛን ጥቂቶች አስፋልቱን ለብቻችን የምናገኘው በመሆኑ፤

በመስቀል ሰሞን የጋሞ ልጅ ካለበት አገሩ ገብቶ፣ በበዓሉ ጠዋት ሁሉም ከዘመዱ ጋር ቤቱ ስለሚውል መንገዱ ጭር የሚል በመሆኑ፤

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭን በተደረገበት ወቅት ባዶ መንገድን ቀምሰን ያልጠገብን በመሆኑ፤

በዚያው ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2020፣ አሜሪካ ውስጥ የተነዳው ርቀት ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ቀንሶ ሳለ በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው 38,824 ደርሶ ከ2007 ወዲህ ትልቁ ቁጥር ሆኖ በመመዝገቡ፣ ይህም «መኪና ካነሰ አደጋ ያንሳል» የሚለውን ያረጀ አስተሳሰብ ፉርሽ ያደረገና በባሕር ማዶም ወንድሞች እንዳሉን ያረጋገጠ በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

ክፍል አንድ፦ ጠቅላላ

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የጭርታ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ሙሉ ስሙን እየነዳ ለማንበብ የሚሞክር ሹፌር አንብቦ ሲጨርስ ሌላ ቀበሌ ውስጥ ራሱን ያገኘዋል።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) «ጭር ያለ መንገድ» ማለት ሌላ መኪና የማይታይበት መንገድ ነው። ሰው፣ ፍየል፣ ጥጃ፣ አህያ፣ ዝንጀሮ፣ ሙዝ የተሸከመች ሴት ቢኖሩበትም ጭር ያለ ነው፤ ታርጋ የላቸውምና አይቆጠሩም።

ለ) «ልጅ» ማለት በዶርዜ ዳገት ኩርባው ላይ እየጨፈረ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» የሚል፣ ወይም በሁለት ድንጋይ ጎል ሠርቶ አስፋልት ላይ የጨርቅ ኳስ የሚያንከባልል ነው። ልጅ ጨዋታውን የሚጀምረው መንገዱ ጭር ሲልለት ነው። እኛም መክነፍ የምንጀምረው መንገዱ ጭር ሲልልን ነው። ይህ ግጥምጥሞሽ ነው ተብሎ ይተረጎማል።

ሐ) «ትራፊክ» ማለት ፍጥነት የሚቀነስለት ብቸኛ እግረኛ ነው።

መ) «ጥሩምባ» ማለት ፍሬንን የሚተካ መሣሪያ ነው። ጠዋት ሹፌሩ ይነፋዋል፤ ማታ የእድሩ ለፋፊ።

ሠ) «የማዕረግ ስም» ማለት ሕዝቡ ለአይሱዙ «አልቃይዳ»፣ ለሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» ብሎ ያወጣላቸው ስም ነው። ስሙ የወጣው በፍቅር እንደሆነ ይገመታል።

ረ) በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል፤ ሴት ሹፌር ግን በዚህ አዋጅ ለመጠቀም እስካሁን ብዙም ጉጉት አላሳየችም።

3. የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ ከወላይታ ሶዶ አርባ ምንጭ ባለው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሼሌ በኩል ወደ ኮንሶ በሚወስደው መንገድ፣ በጨንቻ ጥምዝምዝ፣ እንዲሁም ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ተፈጻሚ ይሆናል። ሆኖም ሹፌሩ ራሱ በሚኖርበት ሰፈር፣ የገዛ ልጆቹ በሚጫወቱበት በር ላይ ተፈጻሚ አይሆንም፤ እዚያ ቀስ ተብሎ ይነዳል፣ ጎረቤትም እየሰነጠቀ የሚያልፈውን ባጃጅ «ይሄ ልጅ ሰው ሊፈጅ ነው!» እያለ ይሰድባል።

ክፍል ሁለት፦ መብትና ግዴታ

4. ስለሚቆጠበው ጊዜ

ከሶዶ አርባ ምንጭ በ60 የሚነዳ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። በ100 የሚነዳ በአንድ ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይደርሳል። የተረፈው 48 ደቂቃ የአገር ሀብት ነው፤ ስለሆነም በሚከተለው መንገድ ብቻ ሥራ ላይ ይውላል፦ መናኸሪያ ውስጥ መኪናው ላይ ተደግፎ ተራ እስኪደርስ መጠበቅ፣ ተሳፋሪ እስኪሞላ ማኪያቶ ማዘዝ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀብን ለሌሎች ሹፌሮች መንገር። መኪና በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ ነዳጅ የሚበላ መሆኑ፣ መንገዱ ጭር ያለውም በነዳጅ እጥረት መሆኑ እንደ ተቃርኖ አይቆጠርም።

5. ስለ ተፈጥሮ ሕግጋት መታገድ

በ100 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሹፌሩ አይቶ፣ ደንግጦ፣ እግሩን ወደ ፍሬኑ እስኪያዞር ቢያንስ ያቺ ሰከንድ ታልፋለች። በ60 የሚነዳ በደረቅ አስፋልትና በደህና ፍሬን 37 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል፤ በ100 የሚነዳ ግን ከ80 ሜትር በላይ ይፈልጋል፤ ሙዝ እስከ ጣራው የጫነ አይሱዙ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ50 ከተገጨ እግረኛ ይልቅ በ65 የተገጨው የመሞት ዕድሉ አራት ተኩል እጥፍ ነው።

እነዚህ ሕጎች ሁሉ መንገዱ ጭር ባለበት ጊዜ ታግደዋል። የእገዳው ደብዳቤ ለፊዚክስ ተልኳል፤ መልስ እየተጠበቀ ነው።

6. ስለ ማንጎ

ጫኖ አካባቢ አስፋልት ዳር ማንጎ በመደብ በመደብ ተከምሮ ይሸጣል። በ100 የሚያልፍ አይሱዙ ነፋሱን ይዞ ያልፋል። ነፋሱ ከመደቡ አናት ያለችውን ማንጎ ይገፋታል፤ ማንጎዋ ከአናት ወደ ጆንያው፣ ከጆንያው ወደ ጠጠሩ፣ ከጠጠሩ ወደ አስፋልቱ ትንከባለላለች። የሻጯ ልጅ፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገባች፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማዋን ጥላ ትከተላታለች። ዓይኗ ማንጎዋ ላይ ነው፤ አይሱዙው አልፏልና መንገዱ እንደገና ጭር ብሎላታል። ከአይሱዙው ኋላ ለሚመጣው አባዱላም ያው መንገድ ጭር ብሎለታል።

ይህ በሚሆንበት ጊዜ ጥፋቱ የማንጎዋ ነው፤ ክብ መሆን አልነበረባትም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ነባር ተረትም እንደሚከተለው ተሻሽሏል፦ የቸኮለ ያፈሳል፣ ልጅ ይለቅማል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ደግሞ ዕንቁላሉ አስፋልት ለመሻገር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ስለማይገልጽ እስኪጣራ ድረስ ታግዷል።

7. ስለ ቁልቁለት

ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ፣ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሹፌር ማርሽ አውጥቶ በዜሮ እንዲለቅ ተፈቅዶለታል፤ ቤንዚን ይቆጥባልና። ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበት ኃይል ስለሚቀር ሥራው ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ይግላል፣ ይሸታል፣ ቀጥሎም አልይዝም ይላል። የተቃጠለ ሽታ የሸተተው ተሳፋሪ መስኮት ከፍቶ የአባያንና የጫሞን ውበት እንዲያደንቅ ይመከራል።

8. ስለ ተሳፋሪ

ባዶ መንገድ ላይ በሕጉ ልክ የሚነዳ ሹፌር ከኋላ ወንበር «ሹፌር፣ ተኛህ እንዴ?» ተብሎ ይቀጣል። ቅጣቱን የሚፈጽመው ነገ በዚሁ አስፋልት ዳር ልጁን ትምህርት ቤት የሚሸኘው ሰው ራሱ ነው። «ኧረ ቀስ በል ልጄ» ያሉ እናት ግን በረዳቱ አማካይነት «አይዞዎት እማማ፣ መንገዱ እኮ ባዶ ነው» ተብለው ይጽናናሉ። እማማ በመስኮቱ ወደ ውጭ አይተው መንገዱ ዳር የቆሙትን ሰዎች መቁጠር ከጀመሩ መጋረጃው ይጋረዳል፤ የቴፑም ድምፅ ይጨመራል።

9. ስለ አባቶችና ስለ ሣር

በመስከረም 2011 ዓ.ም.፣ ቡራዩ ላይ በወገኖቹ ላይ የደረሰውን ጥቃት ሰምቶ በቁጣ አደባባይ የወጣውን የአርባ ምንጭ ወጣት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበርክከው መልሰውታል። ወጣቱ ሣሩን አየ፤ ቆመ። አገር ሁሉ ይህን አይቶ ተደንቋል፤ እኛም ተደንቀናል።

ሆኖም ይህን ሥርዓት አስፋልት ላይ መሞከር በዚህ አዋጅ ተከልክሏል። ቁጣ ሣር ሲያይ ይቆማል፤ አይሱዙ ግን ሣሩን አይቶም ለመቆም ከ80 ሜትር በላይ ይለምናል። የሰው ደም ማፍሰስ ጎሜ (የተከለከለ ነውር) ነው የሚለው የአባቶች ሕግም በእጁ ለሚገድል እንጂ በጎማ ለሚገድል እንዳልሆነ ተደርጎ በእኛ ተተርጉሟል። ትርጉሙ በዱቡሻ፣ በአባቶች ሸንጎ ፊት፣ አልቀረበም፤ ብናቀርበው ምን እንደሚሉን ስለምናውቅ።

ክፍል ሦስት፦ ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች

10. የተሻሩና አልሻርም ያሉ ሕጎች

የፍጥነት ወሰን የሚደነግገው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ባዶ መንገድ ላይ ባለቤት የሌለው ወረቀት ተደርጎ ተቆጥሯል፤ ወሰኑ መንገዱ ሲሞላ አንድ፣ ጭር ሲል ሌላ ይሁን የሚል ቃል እንዲጨመርበት ብንፈልግም አላገኘንበትም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3ንም ለመሻር ሞክረን ነበር። ይህ አንቀጽ ግልጽ ደንብ እያወቀ ጥሶ በቸልተኝነት ሰው የገደለውን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ችሎት ፊት «መንገዱ ጭር ብሎ ነበር» የሚለው መከላከያችን አልሠራም። ዳኛ የሚጠይቀው መንገዱ ላይ ስንት መኪና ነበር ብሎ አይደለም፤ ስትነዳ ፍጥነትህ ስንት ነበር ብሎ ነው። ስለዚህ አንቀጹ እስከ ማረሚያ ቤት በር ድረስ እንደተሻረ፣ ከበሩ ወዲያ እንደጸና ይቆያል።

11. የሌሎች ወገኖች ግዴታ

ሀ) ፍየል ከመሻገሯ በፊት ግራና ቀኝ ታያለች።

ለ) አረጋውያን መንገድ ማቋረጥ ሲፈልጉ ከ80 ሜትር አስቀድመው ያሳውቃሉ።

ሐ) ጎህ ሳይቀድ ወደ ሲቀላ ገበያ የምትወርድ ሙዝ ሻጭ በጨለማ ታበራለች። በምን እንደምታበራ በመመሪያ ይወሰናል።

መ) የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስልኩን እያየ አስፋልት ከተሻገረ ጥፋተኛ ነው፤ ስልኩን እያየ የሚነዳ ሹፌር ግን ሥራ ላይ ነው።

ሠ) የኔ ነው የሚል ሁሉ፦ ልጁን፣ ጥጃውን፣ ማንጎውን ይያዝ። መንገዱ ባዶ ነው የምንለው እናንተ ከሌላችሁበት ብቻ ስለሆነ እንድትለቁልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

12. ስለ መሻር

ይህ አዋጅ ሲወጣ ምክር ቤት አልተሰበሰበም፣ ኮሚቴ አልተቋቋመም፣ አበል አልተከፈለም፤ እያንዳንዳችን ብቻችንን፣ መሪያችን ላይ ሆነን አወጅነው። ሲሻርም እንዲሁ ነው። ማንኛውም ሹፌር፣ መንገዱ ለእኔ ጭር ካለ ለልጁም ጭር ብሎለታል ብሎ ባሰበ ጊዜ፣ ቀኝ እግሩን ከነዳጁ ላይ ትንሽ አንስቶ አዋጁን ከአንቀጽ 1 እስከ 12 ሊሽረው ይችላል። ማኅተም አይጠየቅም፤ ድምፅ አይቆጠርም፤ በነጋሪት ጋዜጣ መታተምም አያስፈልገውም።