በዲሽ ዋሸር ስለማይታጠቡ የሐበሻ ዕቃዎች

አሜሪካ ውስጥ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ባሉ የሐበሻ አፓርታማዎች፣ ከዕቃ ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ፣ በር ያለው አንድ ሣጥን ከመደርደሪያው ሥር ተሰክቶ ይገኛል። አከራዮች «ዲሽ ዋሸር» ይሉታል፤ ለኪራዩ መወደድ ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶችም አንዱ ነው። የሣጥኑ ጥቅም ግን በሊቃውንት ዘንድ እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው። አንዱ ወገን የታጠበ ሳህን ማንጠፍጠፊያ ነው ይላል። ሌላው ወገን የፌስታል ማከማቻ ነው ብሎ ይሞግታል። ሁለቱም በቂ ማስረጃ አላቸው። «ዕቃ ያጥባል» የሚል ሦስተኛ ወገንም አለ፤ አባላቱ በአብዛኛው እዚያው የተወለዱ ልጆች ስለሆኑ ሐሳባቸው ቡና ላይ ብዙም አይደመጥም።

ልጆቹ እናቶቻቸው ማሽኑን የማይነኩት ስላልገባቸው ነው ይላሉ። ይህ ጥናት የደረሰበት ግን ሌላ ነው። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው መመሪያ እንጨት አታስገቡ፣ አሉሚኒየም አታስገቡ፣ የወርቅ ቅብ ያለበትን አታስገቡ፣ ስል ቢላዋ አታስገቡ እያለ ይቀጥላል። ያንን ዝርዝር ይዞ ኩሽናውን ዞር ዞር ብሎ ያየ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው ጥቂት ሹካ ነው። እናቶቻችን መመሪያውን አንዲት መስመር ሳያነቡ ሙሉ በሙሉ ያከበሩ ተጠቃሚዎች ናቸው።

ነገሩ ከአመጣጡም ግራ ያጋባል። ማሽኑን ለገበያ ያበቁት ጆሴፊን ኮክሬን የተባሉ የኢሊኖይ ሴት ናቸው፤ የፈጠራ መብታቸውን ያስመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1886 ነው፤ በ1893ም በቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ አሳይተውታል። እንደሚተረከው ለሥራው ያነሣሣቸው ድህነትም ድካምም አልነበረም፤ ሠራተኞቻቸው ከዘመድ የወረዱ ውድ ሳህኖቻቸውን ጠርዝ ጠርዙን ስለሸረፉባቸው ነው። እንግዲህ ማሽኑ የተወለደው ለውድ ሳህን ጥብቅና ሊቆም ነው። ዛሬ በክልከላው ዝርዝር ላይ ጎላ ብሎ የሚገኘውም ያው ውድ ሳህን ነው፤ ጠርዙ ላይ ወርቅ ካለው። ወርቁ ከመስታወታማው ሽፋን በላይ የተቀባ ስስ ነገር ስለሆነ የማሽኑ ሳሙና እየበላ ያነሣዋል። ሳሙናው የእጅ ሳሙና እንዳይመስላችሁ፤ አረፋ የለውም፣ ኃይለኛ አልካላይን ነው፣ ስታርችና ፕሮቲን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችም አሉበት። ውሃው ደግሞ በብዙዎቹ ማሽኖች 60 ዲግሪ ሴልሺየስን ሊያልፍ ይችላል። የሐበሻ ሲኒ ወርቅ ብቻ ሳይሆን ሌላም ችግር አለበት፦ እጀታ የለውም፣ ቀላል ነው፣ የውሃው ግፊት ይገለብጠዋል። ተደፍቶ የገባው ሲኒ በሩ ሲከፈት ተቃንቶ፣ እጣቢ ሞልቶ ይጠብቃችኋል፤ ልክ እንደተቀዳ።

ወደ ጀበና እንለፍ፤ ይህ የጥናቱ ዋና ምዕራፍ ነው። ጀበና ብዙ ጊዜ ከአገር ቤት የሚመጣው በነጠላ ተጠቅልሎ፣ በእጅ ሻንጣ፣ ከሕፃን ባልተናነሰ ክብር ነው። ያለ ማቶት ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ የየትኛውም ኩባንያ ማሽን ደግሞ ማቶት የለውም። የማሽኑ ውሃ ከታች ወደ ላይ ይረጫል እንጂ በቀጭን አንገት ሾልኮ ሆድ ዕቃ የሚያጥብበት ዘዴ አልተማረም። እነዚህ ግን ቀላሎቹ ምክንያቶች ናቸው። ከባዱ ምክንያት ሸክላው ራሱ ነው። መስታወታማ ሽፋን ያልተቀባ ሸክላ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች የሞሉት ስለሆነ የነካውን ሁሉ ይጠጣል። አዲስ ጀበና ሲገዛ አተላ ተጨምሮበት እየተንተከተከ የሚሟሸውም ለዚህ ነው፤ የሚጠጣውን አስቀድሞ ቡና ለማድረግ። የተሟሸን ጀበና አንድ ሰዓት ተኩል በአልካላይን መዘፍዘፍ የዓመታትን ሥራ አፍርሶ በቦታው ሳሙና ማሟሸት ነው። ሳሙናው ከቀዳዳው የሚወጣው ቡናው ሲፈላ ነው። ጥናታችን እንደሚያመለክተው የሳሙናው ጣዕም በአቦል ከፍተኛ ነው፣ በቶና መካከለኛ ይሆናል፤ በበረካ ግን ጠጪው ሁሉ «ልጆቼን ላምጣ» እያለ ስለሚበተን መለካት አልተቻለም።

እንጨት ያን ያህል ምርምር አይፈልግም። ሙቅ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በማድረቂያው ሙቀት ይኮማተራል፣ ከዚያም ይሰነጠቃል። ማማሰያም ገበቴም በዚህ ሕግ ሥር ይወድቃሉ። ማማሰያው ግን ተጨማሪ ጥበቃ ይገባዋል፤ ከወጥ ማማሰል ሌላ በቤተሰብ አስተዳደር ውስጥ የነበረውን ሚና የሚያስታውሱ ጎልማሶች እስከ ዛሬ ሲያዩት ቀና ብለው ይቀመጣሉ። የቀንድ ዋንጫን ሙቀት ያጣምመዋል። ሞሶብን ማንም አልሞከረውም፤ ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም።

ምጣድ ላይ ግን ትንሽ መቆየት ይገባል። የሸክላው ምጣድ በጎመን ዘር ታሽቶ፣ በማሰሻ እየተጠረገ የኖረ ነው፤ ከውሃ ጋር ጠብ አለው። አሜሪካ ያለው ሐበሻ ብዙ ጊዜ የሚጋግረው ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው። ከሚጠቀምባቸው አንዱ ኖርዌጂያኖች ሌፍሳ የሚሉትን የድንች ቂጣ እንዲጋግሩበት የተሠራው ክብ የአሉሚኒየም ምጣድ ነው፤ ስፋቱ 16 ኢንች፣ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር። ይህ የሁለት ሕዝቦች ግንኙነት ራሱን የቻለ ጥናት ያሻዋል። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ ዕቃ ውሃ ውስጥ አይነከርም የሚለው ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ እናቶች ብቻ ሳይሆኑ የመብራት ኃይል ሠራተኞችም ይስማሙበታል።

በ23 ኪሎው ሻንጣ፣ ሽሮና በርበሬ ታጭቆበት የመጣው የአሉሚኒየም ድስትም አይተርፍም። አሉሚኒየምን የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው፤ አልካላይን ይህን ሽፋን ያሟሟውና ብር የመሰለው ድስት ጠቁሮና ደብዝዞ ይወጣል። ለቅሶ ቤት እየተዋሱ የሚወስዱት፣ ጆሮው ላይ የባለቤቱ ስም በጥፍር ቀለም የተጻፈበት ትልቁ ድስት ከሆነ መጠኑ ብቻውን ያድነዋል። የበርበሬ መያዣ የሆነው የአይስክሬም ዕቃስ? መጀመሪያ የተሠራው ለአንድ ጊዜ ነው፤ በሙቀት ይጣመማል። የበርበሬው ቀይ ቀለም በዘይት ስለሚሟሟ ከዘይቱ ጋር ፕላስቲኩ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ አይጸዳም። መጽዳትም አያስፈልገውም፤ ቀለሙ ባይኖር ኖሮ ፍሪዘሩን የከፈተ ልጅ ውስጡ አይስክሬም አለ ብሎ ሁልጊዜ ይታለል ነበር።

አሁን የቀረውን እንቁጠር። የብርጭቆና የተራ ሳህን ነገር ይቀራል፣ ሹካና ማንኪያም ይቀራል። እዚህ ላይ ማሽኑ ሳያውቀው የገባበት ችግር አለ። ፋብሪካዎቹ የማሽን አቅም የሚለኩት በተመጋቢ ነው፤ መደበኛው ማሽን ከ12 እስከ 16 ሰው የበላበትን ያጥባል ይባላል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ቢላ፣ ሹካና ማንኪያ ታስቦ። ስድስት ሆኖ ከአንድ ትሪ የበላ ቤተሰብ በዚህ ሒሳብ አንድ ሰው እንኳ አይሞላም፤ ትሪው ብቻውን ነው፤ ሹካ የለ፣ ቢላ የለ። ያ ትሪ ደግሞ ከተዘረጋበት መደርደሪያ ሰፍቶ የሚረጨውን ክንድ ያግዳል። ማሽኑ እስኪሞላ ለመጠበቅ የወሰነች እናት ፋሲካን መጠበቋ ነው።

ለፍትሕ ሲባል የእናቶች ወገን የሚሸነፍበትን ነጥብም እናንሣ። «ውሃ ይፈጃል» ይላሉ። ከእ.ኤ.አ. 2013 ወዲህ በአሜሪካ የሚሠራ መደበኛ ማሽን በአንድ ዙር ከ5 ጋሎን በላይ እንዳይወስድ ሕግ አለ፤ ቧንቧ ከፍቶ ለሚያጥብ ሰው ይህ የሁለት ሦስት ደቂቃ ውሃ ነው። ይህን ያነበበች ልጅ ለእናቷ ብትነግራት መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው «ውሃውን ማን አየው?» ሁለተኛው ደግሞ «እጄን ምን ነካው?» ሁለቱም በሳይንስ የሚረቱ አይደሉም። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባለውም እንዲህ ላለው ነው።

አልፎ አልፎ ልጅ ካሸነፈች እናት ዕቃውን በሳሙና ፈትጋ፣ አለቅልቃ ነው ወደ ማሽኑ የምታስገባው፤ «እንዲህ ቆሽሾ እንዴት ይግባ?» ብላ። በአዳዲሶቹ ማሽኖች ውስጥ የውሃውን ድፍርስነት የሚለካ መሣሪያ አለ፤ በእሱ መሠረት የማጠቢያውን ጊዜ ያረዝማሉ ወይም ያሳጥራሉ። የእኛን ዕቃ የተቀበለው መሣሪያ ከላይ እስከ ታች ንጹሕ ውሃ ብቻ ያያል። ምን እንደሚያስብ አይታወቅም፤ ሥራውን ግን ቶሎ ይጨርሳል።

አንባቢን አንድ ነገር አደራ እንላለን። ጨርሶ የማይሠራ ማሽን ጎማዎቹ ይደርቃሉ፣ ከሥሩ የተኛው ውሃም ይሸታል፤ አንድ ቀን ሲያፈስም ጣጣው ለተከራይ ነው። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ባዶውን አስነሡት። ከዚያ በፊት ግን ፌስታሎቹን አውጡ።