ግሥ ያጣ ክር፦ ስለ ቤት ውስጥ የጥርስ ጽዳት መጠነኛ ጥናት

አማርኛ ጥርስን ለማጽዳት ሦስት ግሦች አሉት፤ እነርሱም ፋቀ፣ ቦረሸ እና ጎረጎረ ናቸው። ፋቀ ለእንጨት፣ ቦረሸ ለብሩሽ፣ ጎረጎረ ለስቴኪኒ የተመደቡ ሲሆኑ፣ ብሩሽ ይዞ ሳለ «ጥርሴን ልፋቅ» የሚል ሰው በየቤቱ ስለማይጠፋ ወሰናቸው እንደ ጎረቤታሞች እርሻ አልፎ አልፎ ቢገፋም፣ በመሠረቱ ተከባብረው የሚኖሩ ናቸው። በጥርስና በጥርስ መካከል ለሚገባው ቀጭን ክር ግን እስከ አሁን ግሥ አልተገኘለትም። ክሩን የሚያውቁት ጥቂቶች «ፍሎስ አደረገ» ይላሉ፤ «አደረገ» ደግሞ ቋንቋው ቤተኛ ላልሆነ ድርጊት ሁሉ በር አጠገብ የሚያቀርበው የእንግዳ ወንበር ነው። ይህ ጥናት የሚመረምረው ግሥ ያጣ ድርጊት በአንድ ቤት ውስጥ ምን ዕጣ እንደሚገጥመው ሲሆን፣ ለዚህም አስቀድሞ ግሥ ያላቸውን ሦስቱን በየተራ ማየት ግድ ይላል።

በዕድሜ ሁሉን የሚበልጠው ፋቀ ነው። መፋቂያ ማለት ከወይራ፣ ከክትክታ፣ ከልምጭ ወይም ከሌላ ለአፍ ከሚስማማ ዛፍ ተቆርጦ በስንዝር ልክ የሚዘጋጅ ቀጭን እንጨት ሲሆን፣ ጫፉ ተልጦ በመንጋጋ ሲታኘክ ጭረቱ ይፈታና ወደ ብሩሽነት ይለወጣል፤ በምሥራቁ ቆላና ከቀይ ባሕር ማዶ ይህንኑ አገልግሎት የሚሰጠው የዕፅዋት ሊቃውንት ሳልቫዶራ ፐርሲካ የሚሉት ቁጥቋጦ ነው፤ ሙስሊሞች ሲዋክ ወይም ሚስዋክ ይሉታል። የመፋቂያው ትልቁ ምሥጢር ግን ያለው በዛፉ ሳይሆን በሰዓቱ ላይ ነው። ባለ መፋቂያው እንጨቱን በአፉ ጥግ ሰክቶ ከቤቱ ይወጣል፣ ጎረቤቱን ሰላም ይላል፣ የማይገዛውን በግ ዋጋ ይጠይቃል፣ የማይመለከተውን ጠብ ቆሞ ይመለከታል፣ ወደ ዳር ዞር ብሎ እንትፍ ይላል፣ ከዚያም መፋቁን ካቆመበት ይቀጥላል። የዘመኑ የጥርስ ሐኪም ደጋግሞ የሚለምነው ሁለት ደቂቃ፣ መፋቂያ ለያዘ ሰው ገና የግቢው በር ነው። በዚህ ሚዛን መፋቂያን ከጽዳት መሣሪያነት ይልቅ በጊዜ አጠቃቀም ሥርዓትነት መመደቡ ይቀርባል፤ ጉድለቱም እንጨቱ ቀጥ ያለ በመሆኑ ወደ ምላስ የዞረውን የመንጋጋ ፊት በቀላሉ አለማግኘቱ፣ ተጠቃሚውም ወሬው በጣፈጠ ቁጥር ድዱን ከልኩ በላይ መፈግፈጉ ነው።

ለቀጣዩ ክርክር አንድ ስሌት ያስፈልጋል። የአዋቂ ሰው አፍ፣ መጨረሻ የሚበቅሉት አራቱ ጥርሶች ወጥተውና አንድም ሳይነቀል፣ 32 ጥርሶችን ይይዛል፤ እያንዳንዱ ጥርስም አንድ የውጭ፣ አንድ የውስጥ፣ አንድ የማላመጫ (በፊት ጥርሶች ላይ ስለት) እና ሁለት የጎን ፊቶች ስላሉት ድምሩ 160 ይሆናል። በአንድ ረድፍ 16 ጥርሶች ሲሰለፉ 15 መጋጠሚያዎች፣ በሁለቱ ረድፎች ደግሞ 30 መጋጠሚያዎች ይፈጠራሉ፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ሁለት ግድግዳ አለውና፣ እንጨትም ሆነ ብሩሽ በቅጡ የማይደርስባቸው 60 ግድግዳዎች በእያንዳንዱ ዜጋ አፍ ውስጥ ይገኛሉ ማለት ነው። በዚህ ረገድ ልዩ አስተያየት የሚገባቸው ፍንጭት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ፍንጭት በላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች መካከል የሚታይ ክፍተት ሲሆን፣ ሌላው ዓለም ገንዘብ ከፍሎ በሽቦ ሲያስጠብበው በኢትዮጵያ ግን ሲዘፈንለት የኖረ ውበት ነው፤ ዘፋኞቹ ሳያነሱት የቀሩት ነገር ቢኖር ባለ ፍንጭቷ ከሌላው ሰው በሁለት ግድግዳ የቀለለ የጽዳት ግዴታ እንዳለባት ነው። የቀሩት 58 ግን ማንም እንደሚሸከመው ሸክም ናቸው።

ሁለተኛው ግሥ ቦረሸ ከነመሣሪያው ከውጭ የመጣ ነው። ብሩሹ በቻይና በአሳማ ፀጉር ይሠራ ነበር፤ በዚያው መልኩ ቢቀጥል ኖሮ በኢትዮጵያ ምእመናን ዘንድ፣ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም በኩል፣ ምን ዓይነት ጉባኤ ያስጠራ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ደግነቱ እ.ኤ.አ. በ1938 የናይለን ፀጉር ያለው ብሩሽ በአሜሪካ ለገበያ ቀረበና ጉዳዩ ያለ ውግዘት ተዘጋ። ከብሩሹ ጋር የሚሄደው የጥርስ ሳሙና በብዙ ቤት ማንም ይሥራው ማን «ኮልጌት» ነው፤ ስሙን ያወጣው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1873 ሳሙናውን በማሰሮ፣ በ1896 ደግሞ በሚጨመቅ ቱቦ መሸጥ የጀመረ ሲሆን፣ ቱቦውን ከታች እየጠቀለሉ፣ በመጨረሻም በመቀስ ሰንጥቀው ሁለት ሳምንት ማራዘም ግን የቤት እመቤቶች የራሳቸው ግኝት ነው።

የሳሙናው ቁም ነገር አረፋው ሳይሆን ፍሎራይዱ ነው። ፍሎራይድ የጥርስን ጠንካራ ቅርፊት፣ ማለትም ኢናሜል የሚባለውንና ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ የጠነከረውን፣ ከተበላ ግን መልሶ የማይበቅለውን ሽፋን፣ ከአሲድ የሚያጸና ማዕድን ሲሆን፣ ለአዋቂ በሚሊዮን ከ1000 እስከ 1500 እጅ የያዘ ሳሙና ይመከራል። እንደ ወጥ ጨው ልክ አለው፤ በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ አካባቢዎች የጉድጓድ ውሃው ራሱ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ ስለሚይዝ የልጆች ጥርስ ገና ሳይወጣ ይጎዳና ኋላ ቡናማ ይሆናል፤ ያንን ደግሞ የትኛውም ብሩሽ አያነጣውም። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከዚያ በላይ ላለው የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ትበቃለች። በማስታወቂያ ላይ ከብሩሹ ጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ነጠላ ጥለት ተዘርግቶ የሚታየው መጠን ለሻጩ ጤና እንጂ ለጥርስ የታዘዘ አይደለም። ጽዳቱ ሲያልቅ አረፋውን መትፋት እንጂ በውሃ ደጋግሞ መጉመጥመጥ አይገባም፤ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳልና። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሠፈሮች ይህ ሳይንሳዊ ምክር ማንም ሳያስተምር ሥራ ላይ ውሏል፤ ውሃው በመጣ ዕለት ግን እስከ ሦስት ጣሳ ተጉመጥምጦ ያለፈውን ሁሉ ማካካስ የተለመደ ነው።

የአቦራረሹ ሥርዓት በመጽሐፍ ሲታይ ቀላል ነው። ቻርልስ ባስ የተባለው፣ ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ወይ አውቶቡስን ወይ የበሽተኛን መባባስ የሚያስታውሰው አሜሪካዊ ሐኪም፣ የብሩሹ ፀጉር ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ቀስ እያለ እንዲንቀጠቀጥ አስተማረ፤ ይህም በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ሁለት ደቂቃ ይደረጋል። በተግባር ግን የከተማው ሰው አፍ ለሁለት አስተዳደር የተከፈለ ነው። በፈገግታ ጊዜ የሚታዩት ስምንት ያህል የፎቶግራፍ ጥርሶች መላውን በጀት ይወስዳሉ፤ ድንጋይ የሚያክል ጥሬ ሥጋና ቆሎ የሚፈጩት የኋላ አገር ነዋሪዎች ግን ከዓመት ዓመት ብሩሽ ሲያልፍ ይሰማሉ እንጂ አያዩትም። የጊዜውም አመዳደብ እንዲሁ ነው። ጠዋት፣ ሰው ፊት ከመቅረብ በፊት፣ መቦረሽ ግዴታ ሲሆን ማታ ግን እንደ ትርፍ ይታያል፤ ምክንያቱም ማታ የሚያየው የለም። የጥርስ ጠላት ግን ለታይታ የሚሠራ አይደለም። ሰው ሲተኛ ምራቁ ይቀንሳል፣ ምራቅ ሲቀንስ አሲዱን የሚያጥበው ይጠፋል፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ የግድ ይቅር ቢባል እንኳ መቅረት ያለበት የማታው አልነበረም። ብሩሹ ራሱ በሦስት ወር ይቀየር ይባላል፤ በብዙ ቤት ግን ፀጉሩ እንደ ጎፈሬ ከተበተነ በኋላም ጡረታ አይወጣም፤ ዕድገት አግኝቶ ወደ ጫማ፣ ከዚያም ወደ ሂና መቀቢያ፣ ሲያረጅም ወደ ምድጃ ጥጋጥግ ይዛወራል።

ሦስተኛው ግሥ ጎረጎረ በመሣሪያው ስም የጣልያንኛ ዘር አለበት፤ ስቴኪኒ የእንጨት ስንጥር የሚለው የጣልያንኛ ቃል ነው። ድርጊቱ የሚፈጸመው ቁርጥና ጥብስ በሚቀርብበት ቤት ሲሆን፣ ቀኝ እጅ ሲጎረጉር ግራ እጅ አፍን ይጋርዳል፤ በዚህም ማዕዱን የከበቡት ሰባት ሰዎች ሁሉ የሚያውቁትን ሥራ ከሰባቱም መሰወር ይቻላል። ስቴኪኒ በጠፋ ጊዜ የክብሪት እንጨት፣ የጥፍር ጫፍ፣ የቢዝነስ ካርድ ማዕዘን፣ ከጋቢ ጫፍ የተመዘዘ ፈትልም ሳይቀር ወደ ሥራ ይሰማራሉ። የመጨረሻው ምሳሌ ለዚህ ጥናት ከፍተኛ ዋጋ አለው፤ ኢትዮጵያዊው፣ ክር በጥርስ መካከል ማስገባትን እንደማይጠላ፣ የሚጠላው ሥጋ በሌለበት ማስገባቱን እንደ ሆነ ያስረዳልና።

እዚህ ላይ እንግዳንና ነዋሪን መለየት ያስፈልጋል። በመጋጠሚያው የተሰነቀረ ሥጋ እንግዳ ነው፤ ይቆረቁራል፣ ምላስ ትመላለስበታለች፣ እስኪወጣም እንቅልፍ የለም። ነዋሪው ግን ፕላክ የሚባለው፣ ባክቴሪያዎች ተያይዘው በጥርስ ላይ የሚያበጁት ስስና ሙጫማ ሽፋን ነው፤ አይቆረቁርም፣ አይታይም፣ ከሻይ ስኳር ድርሻውን ወስዶ በምላሹ አሲድ ይሰጣል፣ ካልተነካም ከምራቅ ማዕድን እየመጠጠ በድስት ቂጥ እንደ ተጋገረ ወጥ ይደነድናል፤ ያን ጊዜ ታርታር ይባላልና በሐኪም መሣሪያ ካልሆነ አይላቀቅም። አያቶች ጥርስን ትል ይበላዋል ሲሉ ከእውነቱ የራቁት በቁመት ብቻ ነው። ሆላንዳዊው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ፋን ሌቨንሁክ እ.ኤ.አ. በ1683 ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ በጻፈው ደብዳቤ፣ ጥርሱን ዘወትር በጨው እያሸ፣ እየጎረጎረና በጨርቅ እየወለወለ እንኳ በጥርሶቹ መካከል የቀረውን ነጭ ነገር በማጉሊያ መስተዋቱ ቢያይ፣ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ፍጡራን እንዳገኘ፣ ቁጥራቸውም ከአገሩ ሕዝብ እንደሚበልጥ አስታውቋል። ልብ ሊባል የሚገባው ሰውየው ፋቂም ጎርጓሪም እንደ ነበር ነው፤ የጎደለው አራተኛው ግሥ ብቻ ነበር።

አራተኛው ድርጊት የተጀመረው በኒው ኦርሊንስ ከተማ ሲሆን፣ እዚያ ይሠራ የነበረው የጥርስ ሐኪም ሌቪ ስፒር ፓርምሊ እ.ኤ.አ. በ1815 ገደማ ታካሚዎቹን በጥርሶቻቸው መካከል የሐር ክር እንዲያሳልፉ ይመክር ጀመር፤ ባለ 45 ዲግሪው ባስም በኋላ በዚያው ከተማ ሆኖ የናይለኑን ክር አስፋፋ። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦ አንድ ክንድ፣ ማለትም 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ክር ይቆረጥና ሁለቱ ጫፎች በመሐል ጣቶች ላይ ይጠመጠማሉ፤ በመካከል የቀረው ጥቂት ክር ወደ መጋጠሚያው በእርጋታ ይገባል፤ ከዚያም አንዱን ግድግዳ አቅፎ እስከ ድዱ ሥር እየወረደና እየወጣ ይጠርገዋል፣ ተራውንም ለተቃራኒው ግድግዳ ይሰጣል፤ ስድሳው እስኪያልቅ። ጀማሪው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም ያይና ክሩ ጎዳኝ ብሎ ይተወዋል፤ ደሙ ግን በአብዛኛው ቀድሞ የተቆጣ ድድ ምልክት ነው፣ ክሩ በየቀኑ ሲመለስም ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የክሩን ጥቅም የሚደግፈው ጥናታዊ ማስረጃ ደካማ ነው የሚል ዜና ወጥቶ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ ሐኪሞቹ ማስረጃው ደከመ እንጂ ክሩ አልደከመም ብለው በምክራቸው ጸኑ። ጉዳዩ በኢትዮጵያ ቤቶች ውስጥ ምንም ዓይነት መደናገር አልፈጠረም፤ ያልተጀመረን ነገር ማቆም ስለማያስፈልግ።

ክሩ ወደነዚህ ቤቶች የሚገባበት የታወቀ መንገድ ከዋሽንግተን የምትመጣ አክስት ሻንጣ ነው። ከቫይታሚኑ፣ ከቸኮሌቱና ከሽቶው ሥር፣ ትንሽ ነጭ የፕላስቲክ ሣጥን ትገኛለች፤ አክስቲቱም «ለጥርስ ነው» ብላ ትሄዳለች፣ እንዴት እንደ ሆነ ግን ለማሳየት አፍ መክፈት ስለሚጠይቅ በሰው ፊት አይሆንላትም። ሣጥኗ ቡፌ ላይ ከሸክላ ስኒዎቹ አጠገብ ትቀመጣለች። ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት፣ የተማሪ ቤት መኪና ጥሩምባ እየነፋ ሳለ፣ የልጁ ዩኒፎርም ቁልፍ ይበጠሳል፤ በቤቱም የነበረው ክር አልቋል። ያን ጊዜ ሣጥኗ ትከፈትና ውስጧ የማያልቅ ነጭ ክር፣ ክዳኗ ሥርም ክር መቁረጫ ትንሽ ብረት ይታያል፤ ቤተሰቡም ለምን እንደ ተሠራች ያለ አስረጂ ይገባዋል። ድርጊቱም ግሥ አላጣም፤ ሰፋ ይባላል። ልብሱ ሁለት ጊዜ ለታናናሽ ተላልፎ፣ ክርኑና ጉልበቱ ካለቀ በኋላም ያ ቁልፍ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ቀረብ ብሎ ላሸተተውም ናና ናና ይላል።