የእማማ ቦርሳ

አንድ የአዲስ አበባ የኦንላይን ሱቅ «ገጻችን ለገዢ ይቀላል ወይ? ፈትሽልን» ብሎ ጠራኝ። አንድ ሰው ስልክ ይዞ ዕቃ ሲገዛ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማየት ነው ሥራው። በዚህ ሙያ ስሙ የገነነው ያኮብ ኒልሰን፣ አምስት ሰው ብቻ ቢሞክረው አብዛኛው ችግር ይወጣል ይላል። ይሁንና አምስቱ እነማን ናቸው? ሱቁ ያቀረበልኝ የራሱን ወጣት ሠራተኞች ነበር፤ ዓይናቸውን ጨፍነውም ይገዛሉ። ስለዚህ ጎረቤቴን እማማን ለመንኳቸው። ለልጅ ልጃቸው የትምህርት ቤት ቦርሳ ሊገዙ አስበው ኖሯል።

ቦርሳውን ወዲያው አገኙት፤ ቀዩን መረጡ። መከራው የመጣው ቅጹ ላይ ነው። «የቤተሰብ ስም» ይላል። «የማን ቤተሰብ? የኔ ነው የባለቤቴ?» አሉኝ። በእንዲህ ያለ ፈተና ላይ ፈታሹ መልስ አይሰጥም፤ እናት የሆነች ሴት እየጠየቀች ዝም ማለት ግን ጭንቅ ነው። «የመንገድ ስም» ለሚለው «ከገብርኤል ከፍ ብሎ፣ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ብለው በአንድ ጣት እየለቀሙ ጻፉ። ፖስታ ኮድ ላይ ቆሙ። ደብዳቤ ቤት ድረስ ሳይሆን ፖስታ ሳጥን በሚገባበት ከተማ፣ ያንን ሳይሞሉ ማለፍ አይቻልም! አጠገባቸው ያለችው የልጅ ልጃቸው «ዜሮ ዜሮ በይው» ስትላቸው ሞሉት፤ አለፈ።

ከዚያ ስልክ። የእማማ ቁጥር በ07 ይጀምራል፤ ቅጹ «የተሳሳተ ቁጥር» ብሎ ቀላ። የ07 ቁጥር የሚሰጠው ሳፋሪኮም አዲስ አበባ የገባው መስከረም 2015 ዓ.ም. ነው፤ ቅጹ ግን ከ09 ውጭ አያውቅም። «ትናንት ከካናዳ የተደወለልኝ በዚሁ ነው እኮ» አሉና ትንሽ ቆይተው «ተወው ልጄ፣ እኔ ነኝ አርጅቼ» አሉ።

አንጀቴን የበላው ይሄ ነው። ቅጹ ያጠፋውን ጥፋት ሴትዮዋ ተሸከሙት። «እማማ፣ የሚፈተነው ሱቁ ነው፣ እርስዎ አይደሉም» አልኳቸው። ገና ሳንጀምርም ነግሬያቸው ነበር፤ ያን ጊዜም አሁንም ያመኑኝ አይመስለኝም።

በሴት ልጃቸው የ09 ቁጥር ገፉበት፤ እሷም በቴሌብር ከፈለችላቸው። ገንዘቡ መቆረጡን የሚናገር መልእክት ወዲያው ደረሳት። የሱቁ ገጽ ግን ነጭ ሆኖ ቀረ። ተገዛ? አልተገዛ? ኒልሰን በ1994 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው አሥር መርሆች የመጀመሪያው፣ ሲስተሙ ምን ላይ እንዳለ ለሰው ይንገር የሚል ነው። እማማ መርሁን ሰምተው አያውቁም፤ «ብሬ የት ገባ?» ብለው ግን ጠየቁ። ከሰዓቱ በሙሉ ሱቁ ጋ በመደወል አለቀ።

ሪፖርቴን ሳቀርብ የሱቁ ሰዎች «እሳቸው እኮ የኛ ደንበኛ አይደሉም» አሉኝ። ብር ከፍለዋል፤ ከዚህ ሌላ ደንበኛ ምንድነው? ብዬ ተከራከርኩ። ፖስታ ኮዱ ወጣ፤ 07 መግባት ጀመረ። ነጩ ገጽ ግን «በሚቀጥለው ዙር» ተብሏል፤ እኔ ደግሞ እሱ ሳይስተካከል ሱቁ ማስታወቂያ እንዳያስነግር በጽሑፍ ጠይቄያለሁ።