በእንተ ክሣደ በግዕ

አንድ ቃል ሁለት ባሕርያት ተሸክሞ ሲገኝ ሸክሙን ሳይፈትሹ ማለፍ ከምሁር የማይጠበቅ በመሆኑ፥ እንግሊዞች «ስክራጊ» የሚሉትን፥ በሥጋ ቤትም በገደል አፋፍም የሚነገረውን ትሑት ቅጽል በመጻሕፍት ትርጓሜ ሥርዓት መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

«ስክራጊ» ማለት ከሲታ፥ አጥንቱ የገጠጠ፥ ሥጋ የሸሸው ማለት ነው፤ አንድም ሻካራ፥ ወጣ ገባ፥ የጠራቢ እጅ ያልነካው ማለት ነው። ሐተታ፤ ክሳትንና ሻካራነትን ምን አገናኛቸው ቢሉ፥ ክሳት ሲጸና ለስላሳው ሁሉ ተሰናብቶ የሚቀረው ጕብታና ሥርጓዳ ብቻ ነውና፥ እጁን በከሲታ በግ ጀርባ ላይ ያሳለፈ ሰው ሌላ ምስክር አይሻም።

ሁለቱንም ፍች በመዝገብ ያሰፈረው፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1755 ከ40,000 በላይ ቃላት የያዘውን መዝገበ ቃላት ለንደን ላይ ያሳተመው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ይህ ሊቅ የጀሮኒሞ ሎቦን የሐበሻ ጉዞ በ1735 ከፈረንሳይኛ የተረጐመ፥ በ1759ም ራሴላስ የተባለ የሐበሻ ልዑል ፈጥሮ ደስታን ፍለጋ እስከ ካይሮ የሰደደ ስለ ሆነ ለእኛ ፍጹም ባዕድ አይደለም። በአካሉ ግን ግዙፍና ወፍራም ስለ ነበረ፥ ስለ ክሳት ያለው ዕውቀት ሁሉ ከመጻሕፍት የተቀዳ መሆኑን ልብ ይሏል።

የቃሉ ሥር «ስክራግ» ነው፤ ይኸውም ወደ ራስ የሚጠጋው የበግ አንገት ሲሆን፥ አጥንቱና ጅማቱ ከሥጋው ስለሚበዛ በርካሽ ተሸጦ፥ ከገብስ ጋር ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ ሾርባ ይሆናል። በበግ ሙሉ አንገት ውስጥ ያሉት አጥንቶች ሰባት ናቸው፤ ነገር ግን ቀጭኔም ያላት ሰባት ብቻ ስለ ሆነ፥ በጉ በቍጥር ተበድያለሁ ብሎ ሊከስ አይችልም፤ ሊከሳ እንጂ።

የገደሉ ነገር ይበልጥ ይረቃል። በስኮትላንድ፥ በድምፁ ለ«ስክራግ» የሚቀርበውን «ክሬግ» ሲሉ አንገትም ይሆናል፥ ቋጥኝም ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ስኮትላንዳዊ «ክሬጌን አመመኝ» ቢል ሐኪም መጥራት እንጂ ድንጋይ ጠራቢ መጥራት እንደማይገባ የሚታወቀው በዐውደ ንባቡ ብቻ ነው። ከጆንሰን ስድስት ረዳት ጸሐፍት አምስቱ የዚያው አገር ሰዎች ነበሩና፥ ችግሩ ለመዝገቡ ቤት እንግዳ ሊሆን አይችልም ነበር።

በሌቦች ቋንቋ ደግሞ «ስክራግ» ግሥ ሆኖ «በአንገት ሰቀለ» ማለት ነው። ቻርልስ ዲከንስ በ1837 ማውጣት በጀመረው «ኦሊቨር ትዊስት» ውስጥ፥ የዚህ ግሥ ፍች ያልገባው ሕፃን ኦሊቨር ከአንድ ኪስ አውላቂ ልጅ ዘንድ ትምህርት ያገኛል፤ መምህሩም መዝገብ ሳይገልጥና ምስክር ሳይጠራ፥ የአንገቱን ጨርቅ ጫፍ ወደ ላይ ወጥሮ ይዞ፥ ራሱን በትከሻው ላይ ጥሎ፥ በጥርሶቹ መካከል አንድ ድምፅ በማውጣት ንባቡንም ትርጓሜውንም ባንድ ጊዜ ፈጸመው።