የበጀት ሚኒስትሩ
ሆሳዕና ላይ የቤቱን በጀት የሚያወጣው አባወራው ነው፤ እንዲያ ይባላል። «ዘንድሮ ቁጠባ ነው!» ብሎ ያውጅና ማኪያቶውን ሊጠጣ ይወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር ለገበያ ሲለቀቅም የምንዛሪውን ነገር እዚያው ተቀምጦ በሰፊው ተንትኗል። መቼም ትንታኔ ቀረጥ የለበትም።

እመቤቲቱ ትንታኔ አታውቅም፤ ዊጆ ነው የምታውቀው። ሴቶቹ ወተታቸውን በየተራ አንዷ ቤት ያጠራቅማሉ፤ ተረኛዋ ንጣ ቅቤውን ትወስዳለች። ወለድ የለ፣ ዋስ የለ፣ «ሲስተም የለም» የሚል ገንዘብ ያዥ የለ። ልጅ አዝላ፣ ቆጮ ጋግራ፣ ቤት ጠርጋ በተረፋት ጊዜ ማለት ነው፤ ከተረፋት።

መስከረም ላይ የሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ ያሆዴ፣ ይደርሳል፤ ከምባቶች መሳላ ይሉታል። የዓመቱ ቅቤ ከማሰሮው ወጥቶ ከቡላና ከወተት ጋር አተካና ይሆናል። ለበዓሉ የሚታረደው በሬ ወጪ የወንዶቹ ድርሻ ነው። አባወራው ቅቤው በጢሙ እየወረደ፣ እንግዳ እየሰማ፣ «አየሽ? ያወጅኩት ቁጠባ ፍሬ አፈራ!» ይላል።

«እውነትህን ነው የልጆቼ አባት» ትለዋለች ሳህኑን እየሞላች፤ «ለበሬው የተበደርከውን ታዲያ በቅቤ ይቀበሉሃል?»