ጥፍሩን ያስረዘምኩት እኔ ነኝ

በ2002 ዓ.ም. አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ጠባብ ኮምፒውተር ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። በሯ ላይ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ የሠርግ ካርድ፣ ግራፊክስ ዲዛይን» የሚል ተለጥፏል። የመጨረሻዋ ለማሳመሪያ የገባች ናት። ከፎቶሾፕ የማውቀው ከሙሽሮች ጀርባ የጎረቤት ቆርቆሮ አጥር ነቅዬ በቦታው የኤፍል ማማን መትከል ነው። በዚህ ሙያዬ ፓሪስን ያዩ ሙሽሮች ብዙ ናቸው፤ ቪዛ የጠየቃቸው የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቆዳ ጃኬት የለበሰ ጎልማሳ ፍላሽ ዲስክ በጣቱ እያሽከረከረ ገባ። ፕሮዲውሰር ነው።

«ዲዛይነሩ አንተ ነህ?»

አፌን ሳልከፍት አለቃዬ ቀደመኝ። «እሱ ነው። እጁ ወርቅ ነው።»

«ፊልሙ ሆረር ነው። የዲቪዲውን ሽፋን ያየ ሰው ማታ መብራት አጥፍቶ መተኛት የለበትም።»

«መብራት ከኖረ ነዋ» አለ አለቃዬ ወደ ፎቶ ኮፒው እየተመለሰ።

ያን ጊዜ ያገራችን ፊልም ሲኒማ ቤት ታይቶ ሲያበቃ በብዛት የሚሸጠው በሁለት ቪሲዲ ነበር። ይኼ ሰው ግን ዲቪዲ ነው ያለው፤ ያውም በዚያ እንደ መጽሐፍ በሚከፈተው ወፍራም ጥቁር መያዣ። ስምንት መቶ ብር ተስማማን፤ ማለቴ እነሱ ተስማሙ። የፊልሙን ስም አልጠቅስም። ሰዎቹ አሁንም በሙያው ላይ ናቸው፣ እኔም ሰላም እፈልጋለሁ።

የዲቪዲ ሽፋን ሲዘረጋ አንድ ወረቀት ነው፤ 273 ሚሊ ሜትር በ183። በቀኝ ፊቱ፣ በግራ ጀርባው፣ በመሐል ደግሞ መደርደሪያ ላይ ሲቆም የምትታየው የ14 ሚሊ ሜትር ጎን። ፍላሹን ስከፍተው ከፊልሙ የተወሰዱ ፎቶዎች አሉ። ፎቶ ይበሏቸው እንጂ ከቪዲዮው ላይ ቀጥ ተደርገው የተቀዱ ናቸው፤ 720 ነጥብ በ576። ለኅትመት ፊቱ ብቻ ወደ 1,530 በ2,160 ነጥብ ይፈልጋል። የዋናዋን ተዋናይት ፊት ለጥጬ ስዘረጋው ጉንጯ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ መሰለ። እሷ የተነጠፈች እንጂ የተነሳች አትመስልም።

ሰውየው በወረቀት ጽፎ የተወልኝ ትእዛዝ ደግሞ ይኼ ነው፦ ሰባቱም ተዋንያን ይግቡ፣ ቤቱ ይግባ፣ መቃብሩ ይግባ፣ ጨረቃ፣ እሳት፣ ጅብ። ከግርጌው «ደም እንደ አስፈላጊነቱ» ይላል። ጅቡን ከኢንተርኔት ሳወርድ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ሲወርድ እያዛጋ ነበር፣ ሆዱ ላይ የባለቤቱ ድርጅት ስም በነጭ ተጽፎበታል። ስሙን ከሆዱ ላይ ስፍቅ አንድ እግሩንም ፈቅኩት። እንዲህ ያለውን ጅብ የሐረር ልጆች ቢያዩት ያዝኑለታል እንጂ አይሸሹትም።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም አጥፍቼ ተቀመጥኩ። ምን እንደሚያስፈራኝ ራሴን መጠየቅ ጀመርኩ። ጨረቃ አታስፈራኝም። መቃብርም ቀን ቀን አልፈዋለሁ። የሚያስፈራኝ፣ የማውቀው ነገር ከማውቀው መልኩ ትንሽ ሲዛነፍ ነው፤ ቆልፌው የወጣሁት በር ገርበብ ብሎ ሳገኘው ዓይነት። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን «ሃሎዊን» የሠሩት አሜሪካውያን ይኼ ገብቷቸዋል። ለገዳያቸው ጭምብል የሚሆን ገንዘብ ስላልነበራቸው ከሁለት ዶላር በማይበልጥ ዋጋ የ«ስታር ትሬክ»ን ካፒቴን ከርክ ጭምብል ገዙ፤ ነጭ ቀለም ቀቡት፣ የዓይኑን ቀዳዳ አሰፉት፣ ፀጉሩን አንጨባረሩት። ያ ሁሉ ሰው የጮኸው በሚያውቀው የቴሌቪዥን ጀግና ፊት ነው።

ብርሃኑም ነገር አለው። ፀሐይም አምፖልም ከላይ ነው የሚያበሩልን፤ የሰው ፊት ከላይ ሲበራ አይተን ነው ያደግነው። ከታች ሲበራ ግን ጥላው ሁሉ ይገለበጣል፤ አገጭ ይፈካል፣ የዓይን ጉድጓድ ይጠልቃል፣ እናትህም ብትሆን ሌላ ሰው ትሆናለች። በልጅነታችን ባትሪ ከአገጫችን ሥር ይዘን እኅቶቻችንን ያስለቀስነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሰባቱን ተዋንያን ትቼ አንዷን ብቻ፣ ያውም ሴራሚኳ እንዳይታይ ከጀርባዋ፣ ጨለማ ውስጥ ላቆማት ወሰንኩ። ከትከሻዋ ላይ አንድ እጅ ይመጣል። የሰው እጅ፣ የአሮጊት እጅ፣ ከታች የበራ። እጁን ከየት አመጣለሁ?

ሽሮ ሜዳ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት እትዬ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። እጃቸውን በየወሩ መጨረሻ ኪራይ ስከፍል በቅርብ አየዋለሁ፤ ረጃጅም ጣቶች፣ ጎላ ጎላ ያለ ደም ሥር፣ አንጓቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት፣ ከአውራ ጣታቸው በታች ደግሞ የምጣድ ጠባሳ።

«እትዬ፣ እጅዎን ፎቶ ላንሳው?»

«እጄን? ምን ሊሆንህ?»

«ለፊልም ሽፋን ነው።»

«የምን ፊልም?»

«የቤተሰብ» አልኩ። አያትና የልጅ ልጅ ስላሉበት ፈጽሞ ውሸት አልነበረም።

ሊጧን ታጥበው፣ የብር ቀለበታቸውን አድርገው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው መጡ። የሚነሳው እጅ ብቻ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ፤ ያም ሆኖ ነጠላው ተስተካከለ። በተውሶ ካሜራ፣ ባትሪውን ከታች ወደ ላይ እያበራሁ፣ ወደ ሠላሳ ጊዜ አነሳሁት። «ጣቶቹን ትንሽ አጠፍ ያድርጓቸው» ስላቸው «እንደ ማጉረስ?» አሉኝ። እንደ ማጉረስ።

ፎቶሾፕ ሌየር የሚባል ነገር አለው። መስተዋት በመስተዋት ላይ እንደ መደርደር ነው፤ በእያንዳንዱ መስተዋት ላይ የፈለግከውን ትስላለህ፣ ከጎኑ ያለችውን የዓይን ምልክት ስትነካት ያ መስተዋት ይሰወራል፣ ደግመህ ስትነካት ይመለሳል። ፕሮግራሙን የጻፉት ቶማስና ጆን ኖል የተባሉ ወንድማማቾች ሲሆኑ የመጀመሪያው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1990 ወጣ፤ ሌየር ግን የገባው በሦስተኛው፣ በ1994 ነው። በመሐሉ የነበሩት አራት ዓመታት ለባለሙያው ምን ዓይነት እንደነበሩ ሳስበው ራሱን የቻለ ሆረር ነው።

እትዬን አንድ መስተዋት ላይ አስቀመጥኳቸው። ንቅሳቱን ፈቅኩት፤ ጋኔን መስቀል አይነቀስም። ጠባሳውን ተውኩት፤ እግዜር ራሱ ለሆረር የሠራው ይመስላል። ቀለበቱን ረሳሁት። ቀጥሎ ጥፍር መጣ። በአምስት ጣት ላይ አምስት ጥፍር፣ እያንዳንዱ ጎበጥ ያለ፣ ጫፉ የተሰነጠቀ፣ ሥሩ የጠቆረ። ያ የምሠራበት ሲ ኤስ 3 የተባለው ቅጂ ቅንብሩን ካልነካካህበት ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሽርልህ ሃያ እርምጃ ብቻ ነው፤ ሃያ ኃጢአት ይቅር ይላል፣ ሃያ አንደኛውን አያውቅልህም። በዚያ ላይ ኮንትሮል ዜድን ሁለቴ ከተጫንካት የሰረዝከውን ስሕተት መልሳ ታመጣልሃለች።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ አራተኛውን ጥፍር ስስል መብራት ሄደ። የኛ ዩፒኤስ ሥራው መርዶ መንገር ነው፤ አንዴ ጮኾ አብሮ ይሞታል። ያ ቅጂ በራሱ የማስቀመጥ ልማድ አልነበረውም፤ እሱ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። አምስት ሰዓት የለፋሁበት ሁሉ ጠፋ። ከእጁ በቀር። እጁ ዓይኔ ውስጥ ቀርቷል፤ ስክሪኑ ላይ ሳፈጥ ስለቆየሁ ወደ ዞርኩበት ግድግዳ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ይከተለኛል። በዚያች ቅጽበት በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

የጩኸቴን ዝርዝር እዘለዋለሁ። የሰፈሩ ዘበኛ ነበር፤ ክብሪት ፈልጎ።

በማግሥቱ ሁሉንም እንደገና፣ በየደቂቃው እያስቀመጥኩ ሠራሁ። ጥፍሮቹን ለብቻቸው ሌየር ላይ አደረግኳቸው። ይህን ልብ ይበሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሥራው ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄድ ዋናው አበሳ ጀመረ። መጀመሪያ ርዕሱ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ እኛ ቤት ግን የምንጽፈው በአሮጌዎቹ ፎንቶች ነበር። እነዚያ ውስጣቸው የላቲን ፊደል ነው፣ በላዩ የግዕዝ ቅርጽ የለበሰ። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ቅርጹ ይወልቅና ባርኔጣና ነቁጥ የደፋ የፈረንጅ ፊደል ይተራመሳል። የማተሚያ ቤቱ ልጅ ርዕሱን «ትንሽ ላሳድገው» ብሎ ሲነካው ይኸው ሆነ። ደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ ርዕሱ ምንድን ነው? ድግምት ነው?»

ያየው ድግምት አሪፍ ስለመሰለው እንደዚያው እንዳያትመው ለምኜ፣ ርዕሱን ወደ ሥዕል ለውጬ ላክሁ። ደግሞ ደወለ።

«ብሊድ የለውም። ዙሪያውን ሦስት ሦስት ሚሊ ሜትር ጨምርበትና ላክ።»

ብሊድ ምን እንደሆነ ከትምህርት ቤት አውቃለሁ። መድማት ነው። የፊልሙ ዓይነት ሆረር፣ የትእዛዙ ወረቀት «ደም እንደ አስፈላጊነቱ» ይላል፣ አሁን ደግሞ ማተሚያ ቤቱ ደም አነሰ አለ። ማተሚያ ቤት በሰው ሥራ እንዲህ መግባቱ ቅር ቢለኝም፣ በአራቱም ጠርዝ ሦስት ሦስት ሚሊ ሜትር ደም አንጠባጥቤ ላክሁ። ናሙናው ሲቆረጥ ቢላዋው ቀኙን ደም ሙልጭ አድርጎ ወሰደው፣ ግራው ቀረ። ሽፋኑ በአንድ ጎኑ የታረደ መሰለ። ልጁ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ፦ ብሊድ ማለት ወረቀቱ ሲቆረጥ ጠርዙ ላይ ነጭ እንዳይቀር ከልኩ አልፎ የሚታተም ትርፍ ቀለም ነው። አልሳቀም። አለመሳቁ ነው ያሳፈረኝ።

ቀለሙም አልለቀቀኝም። ስክሪን ብርሃን ነው፣ ወረቀት ቀለም ነው፤ በስክሪኑ የሚንቦገቦገው ቀይ በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ሲቀየር ደብዘዝ ይላል። ደሜ ድልህ ሆነ። ጨለማውን ደግሞ ደህና ላጥቁረው ብዬ አራቱንም ቀለሞች መቶ በመቶ አድርጌ ነበር፤ ወረቀቱ የሚችለው ከሦስት መቶ ብዙም አይዘልም። አራት መቶው ሳይደርቅ ተደርቦ፣ ወረቀቶቹ እንደ ዓይብና ጎመን ተለዋወሱ፤ የአንዱ እጅ በሌላው ጀርባ ላይ ታተመ። ጥቁሩን አሳስቼ ሦስተኛ ጊዜ ታተመ።

ፕሮዲውሰሩ መጥቶ ሽፋኑን አገላበጠው። ሆዴ ተርበተበተ።

«ደሙ...» አለ።

«ጋሼ፣ እሱ በስክሪን ሌላ ነበር፤ ቀለሙ ሲቀየር...»

«የቆየ ደም አደረግከው! ታሪኩ የድሮ መሆኑን እንዴት አወቅህ?» ብሎ መቶ ብር ጉርሻ ጨመረልኝ። ሰባቱን ተዋንያን አላነሳቸውም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማታ ስገባ እትዬ በረንዳቸው ላይ ዲቪዲውን በጉልበታቸው አድርገው ጠበቁኝ። አዟሪ ልጅ ነው ያመጣላቸው፤ እጁን ሳይሆን ቀለበቱን ነው ያወቀው።

«ቁጭ በል» አሉኝ። ቁጭ አልኩ።

«ይኼ ጠባሳ የኔ ነው?»

«የርስዎ ነው።»

«መስቀሌን የት አደረስከው?»

«እትዬ፣ ገጸ ባሕርይው ጋኔን ስለሆነ... ለመስቀሉ ክብር ብዬ ነው።»

አሰቡት። «እሱስ ልክ ነህ።» ቀጥለው ሽፋኑን ወደ ፊቴ አስጠጉት። «ይኼስ ጥፍር? አንተ ልጅ፣ እኔ በዚህ ጥፍር ሊጥ ሳቦካ አይተኸኛል? ሰፈሩ ሁሉ እንጀራዬን ነው የሚበላው! ዛሬ ጠዋት አንዷ መጥታ እጄን እያየች እንጀራውን ስታገላብጥ ነበር!»

ጋኔን መሆናቸው ቅር አላሰኛቸውም። ያበገናቸው የጋኔኑ ንጽሕና ነው።

ካሣው በዚያው ተወሰነ፦ «እንጀራ አለ» የሚል ማስታወቂያ፣ በዚያው እጅ፣ ጥፍሩ ተቆርጦ። በማግሥቱ ፋይሉን ከፈትኩና የጥፍሩን ሌየር ዓይኗን ነካኋት። አምስቱም ጥፍሮች በአንዴ ጠፉ። ደሙን፣ ልጅቷን፣ ጨለማውን ሰወርኩ። ቀለበቱ አለ፣ ንቅሳቱን ከመጀመሪያው ፎቶ መለስኩት፣ ከእጁ ሥር አንድ ሞሰብ አስቀመጥኩ። በኤ3 ወረቀት አትሜ ላሚኔት አድርጌ የግቢው በር ላይ ሰቀልኩት።

አንድ ያልረሳሁት፣ ነገር ግን ያላሰብኩበት ነገር ነበር፤ ብርሃኑ። ባትሪዋ ከታች ነበረች፤ ያ ደግሞ ሌየር ላይ የተቀባ ሳይሆን ቆዳው ላይ ያረፈ ነው፣ የሚሰወርበት ዓይን የለውም። ጥፍር የለ፣ ደም የለ፣ መስቀል አለ፤ እጁ ግን ከሞሰቡ ላይ አንድ ሰው ሊያንቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። እንጀራ የሚላኩ ልጆች ከመንገዱ ማዶ ቆመው «እትዬ! አሥር!» እያሉ መጣራት ጀመሩ።

አያቴ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥላት ክታብ ነበረቻት። ተጠቅልላ አጠር ያለች ትመስላለች እንጂ ብራናው ሲዘረጋ በቁመቷ ልክ ነው፤ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ ጋኔኗን ውርዝልያን ሲወጋ አለበት፣ ዙሪያው ደግሞ ዓይን ብቻ ነው፣ የሚያፈጡ ትላልቅ ዓይኖች። ስትጠቀልላት እያየሁ «ይኼ እኔን ያስፈራኛል» ስላት «አንተን አይደለም የሚያየው» ትለኝ ነበር። ማስታወቂያውን በሰቀልኩ በሳምንቱ ከበሩ ፊት ቆሜ ሳየው ትዝ አለችኝ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቀን በፀሐይ ሌላ ፎቶ ላንሳና ልቀይረው» አልኳቸው።

ከምጣዱ ቀና ሳይሉ አክንባሎውን ከደኑ።

«ተወው ባክህ» አሉ። «ከተሰቀለ ወዲህ ዱቤ የጠየቀኝ የለም።»