«ይኼ ዝናብ ጨረሰን»፦ ስለ መርካቶ የክረምት ብሶት የቀረበ ጥናት

የአዲስ አበባ ክረምት በብዙ ወገን ተጠንቷል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ዝናቡን ይለካል፤ የመንገድ ሰዎች ቱቦውን ይጠርጋሉ፤ እናቶች ደግሞ የልጅ ካልሲ ከሰል ምድጃ ዳር ሲያደርቁ ኖረው ስለ እርጥበት ከሁለቱም የበለጠ ዕውቀት አካብተዋል። እስካሁን ምሁር ዞር ብሎ ያላየው ግን ከሰኔ እስከ ጳጉሜን መርካቶ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ የተደጋገፉ ሱቆች ባለቤቶች በቴሌግራም እርስ በርስ የሚጻጻፉት ብሶት ነው። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት ቀርቧል።

መረጃው የተሰበሰበው ምሁራን «የተሳትፎ ምልከታ» በሚሉት ዘዴ ነው። ይኸውም አጥኚው እቁብ ስለገባ ሳይጠየቅ ግሩፑ ውስጥ ተጨመረ፤ ለመውጣት ደግሞ ይሉኝታ ያዘው። ቴሌግራም በአንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው እንዲገባ ይፈቅዳል። ይኼኛው መቶ አይሞላም፤ ጫጫታው ግን ለተፈቀደው ቁጥር የሚበቃ ነው። የአባላቱ ማንነት በጥናት ሥነ ምግባር መሠረት ተሰውሯል። የተራው ስምም አልተጠቀሰም፤ አጥኚው ዕጣው ገና አልወጣለትም።

ታሪካዊ ዳራ የሌለውን ጥናት ገምጋሚ አይቀበለውም፤ ስለዚህ ይኸው። የከተማው ትልቁ ገበያ ቀድሞ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባለው ጊዜ፣ የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገና «መርካቶ» እንደተባለ ቀረ። የት መነገድ እንደሚሻለው ነጋዴውን የጠየቀው የለም። ማማረር እንግዲህ ከገበያው ጋር አብሮ የተተከለ ነው፤ ቴሌግራም የጨመረበት ስቲከር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። የአባላቱ ሱቆች ፊት ለፊት ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድ አንድ ጋሪና አንድ የተቆጣ ተሸካሚ ጎን ለጎን አያሳልፍም። በበጋ ይህ ርቀት ችግር ሆኖ አያውቅም፤ ሁሉም በርጩማውን ደጃፍ አውጥቶ፣ ከጀበና ቡና ሻጯ ሲኒ ተቀብሎ፣ የሰውን ጉዳይ በቃል ሲያነሣና ሲጥል ይውላል። ሐምሌ ሲገባ ግን መንገዱ ወንዝ ይሆናል። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ የገዛ ድምፅን እንኳ አያሰማም። በርጩማው ይገባል፤ ስልኩ ይወጣል። ያን ጊዜ አንዱ «መብራት እናንተ ጋ አለ?» ብሎ ይጽፋል። የተጠየቀው ሰው አምፖል ቦግ ብሎ በርቶ ከፊቱ ይታየዋል። ያኛውም ቀና ብሎ ጠያቂውን ያየዋል፤ እንደገና ያጎነብስና «እኛም ጋ ብልጭ ድርግም ነው፤ ይኼም መብራት ሆኖ!» ሲል ይመልሳል። አለኝ ብሎ መመለስ ነውር ነው።

የጥናቱ ዋና ግኝት የሚመዘዘው ከዚህ ነው። ግሩፑ ላይ ዝቅታ ይጻፋል፤ ከፍታ አይጻፍም። የሸጠ ዝም ይላል፤ በጣም የሸጠ ያማርራል።

ጃንጥላና ቦቲ ጫማ የሚያከፋፍለውን አባል እንውሰድ። ለእሱ ሐምሌ ማለት ለበግ ነጋዴ የፋሲካ ዋዜማ ማለት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ወረደ። መንገደኛው ሁሉ ደጃፉ ላይ ተጠለለ፤ መጠለሉ አላዋጣ ሲለው ጃንጥላ እየገዛ ሄደ። ሠራተኛው ምላጭ መፈለጊያ ጊዜ አጥቶ የካርቶን ገመድ በጥርሱ ሲበጥስ አጥኚው በዓይኑ አይቷል። በዚያው ሰዓት ከባለሱቁ ወደ ግሩፑ የገባው መልእክት ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ይኼ ዝናብ ጨረሰን እኮ ጎበዝ። ሰው ከቤቱ አልወጣም»። ከሥሩ አሥራ ምናምን ሰው «አይዞን» ብሎታል። ከነዚህም አንዱ እዚያው ደጃፍ ላይ ጃንጥላ ሊገዛ ወረፋ የያዘ የጎረቤት ልጅ ነበር።

የእውነት የተጎዳ ሰው በአንጻሩ ነገር አያበዛም። ጣሪያው አፍስሶ ጥቅል ጨርቅ የራሰባቸው አንድ ሐጂ «ትንሽ ውኃ ገብቶብናል፣ አልሐምዱሊላህ» ብለው አንድ የደበዘዘ ፎቶ ለጠፉና ዝም አሉ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አራት ሰው ላስቲክና መጥረጊያ ይዞ ደረሰ። ጃንጥላ ሻጩም መጣ፤ ከሱቁ ያልተፈታ አዲስ ሸራ ተሸክሞ ነበር፤ ሒሳብ ሲሉት ተቆጣ። ማታ ግን «ዛሬም ባዶ እጃችንን ገባን» ብሎ መጻፉን አልተወም።

ስለ መልእክቶቹ ዓይነት ብዙ ማለት ይቻላል፤ አብዛኛው ግን አበባ ነው። በየማለዳው ጽጌረዳና የሚጨስ ሲኒ ያለበት «መልካም ቀን» ይለጠፋል፤ የሚከፍተው እንኳ ጥቂት ነው። ዓርብ «ጁምዓ ሙባረክ» ይመጣል፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታን የሚጾሙት እትዬ «አሜን፣ ለሁላችንም» ብለው ይመልሳሉ። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ጎረቤት በሆኑበት ሰፈር ይህ እንደ ዜና አይቆጠርም። ጉንፋን የያዘው ሲገኝ ደግሞ ግሩፑ ወደ ሐኪም ቤትነት ይለወጣል፤ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዳማ ከሴ፣ ፌጦ በየተራ ይታዘዛሉ፤ ሁሉንም አንድ ላይ የሞከረ አንድ አባል ጉንፋኑ ለቆት ጨጓራው ተነሣበት። የድምፅ መልእክት የተለየ ምዕራፍ ያሻዋል። አራት ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ቮይስ መጥቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚሰማው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ብቻ ሆነ። አባላት ሙሉውን አዳምጠው «ልክ ነህ» አሉ። «እኔ እንኳ በዚህ አልስማማም» ያለም አልጠፋም።

ከቪዲዮዎቹ አንዱ ብቻ ለሳይንስ ጠቀመ። ከሱቅ ሱቅ የተወጠረ ሸራ ውኃ ቋጥሮ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ተንዘርጥጧል። ባለሱቁ መጥረጊያ ገልብጦ በእንጨቱ ከሥር ቀስ አድርጎ ይገፋዋል። ውኃው ወደ ቱቦው መሄድ ሲገባው ወደ ቀኝ ያደላና ዋጋ ሲከራከር የቆመ አንድ ደንበኛ አናት ላይ ይገለበጣል። ደንበኛው ለአፍታ ዝም ይላል። ከዚያ «እሺ፣ አሁንስ ትቀንሳለህ?» ይላል። ቀንሶለታል።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ይነሣ፤ ብሶቱን የሚያመጣው እውነት ዝናቡ ነው? ቢሆን ኖሮ ነሐሴ የሐምሌን ያህል ባስለቀሰ ነበር። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ከ1,000 ሚሊ ሜትር የበለጠ ዝናብ ትልቁ ድርሻ የሚወርደው በነዚህ በሁለቱ ወራት ነው። በለቅሶ ግን ሐምሌን የሚያክል የለም። መልሱ የተገኘው ከሚቲዎሮሎጂ ሳይሆን ከገቢዎች ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ለዓመታት በተሠራበት ሥርዓት ደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ ከሐምሌ 1 እስከ 30 ይከፍል ነበር፤ ደረጃ «ለ» እስከ ጳጉሜን 5 ጊዜ ነበረው፤ ደረጃ «ሀ» እስከ ጥቅምት 30። የግሩፑ እንባ ይህንኑ ሰሌዳ ይዞ ይወርዳል። ትንንሾቹ ሐምሌን አልቅሰው ይጨርሳሉ፤ መካከለኞቹ ነሐሴን ሙሉ በመጠኑ ያነባሉ፤ ትልልቆቹ ጥቅምት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ «ክረምቱ ጎድቶናል» ይላሉ። ግሩፑ ውስጥ ፎቶ የሌለው፣ ስሙን በአንድ ነጥብ የተካ አባል አለ። ጽፎ አያውቅም፤ ያስገባውም ሰው አይታወቅም፤ መልእክት ሁሉ ግን ካዩት መካከል እሱ አለበት። የአጥኚው መላምት፣ ግሩፑ የሚጽፈው ለእሱ ነው።

በዚህ ረገድ ዝናብ ተስማሚ ተከሳሽ ነው፤ ይግባኝ አይልም፣ ደረሰኝ አይጠይቅም፣ ሱቅ አያሽግም።

ያለፉት ክረምቶችም ዝናቡን ነጻ ያወጡታል። በ2009 ሐምሌ ትንሹን ነጋዴ እንቅልፍ የነሣው ጎርፍ ሳይሆን የቀን ገቢ ግምት ነበር። ገማቾች የጻፉት ቁጥር ሲነገር በአዲስ አበባም በኦሮሚያ ከተሞችም አቤቱታው ናኘ፤ ሱቁን የዘጋም ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ዕለቱ ሰኞ ነበር። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንደሚወሰን አስታወቀ፤ ቅዳሜ በ57 ብር ገደማ ያሳደርነው ዶላር በንግድ ባንክ ከ74 ብር በላይ ሆኖ ዋለ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም 100 አለፈ። ያን ቀን ዝናብ ይጣል አይጣል ከግሩፑ ማወቅ አይቻልም። ጽጌረዳዋ ቀረች። ማለዳ የተለጠፈ የዋጋ ዝርዝር ረፋድ ላይ ተሰረዘ። «ዕቃ አለ?» ላለ ሁሉ መልሱ «አልቋል» ሆነ፤ መጋዘን ሙሉ ሸቀጥ ሳይጫን፣ ሳይወርድ፣ አንድ አይሱዙ ሳይነቃነቅ በአንድ ረፋድ እንዴት እንዳለቀ ለሌሎች ሙያተኞች እንተወዋለን። ኋላ ያለ አግባብ ዋጋ ጨምረዋል የተባሉ ሱቆች መታሸግ ሲጀምሩ ዝናቡ ተመልሶ መጣ፦ «በዚህ ዝናብ ማን ይገዛል ብለን ነው ዋጋ የምንጨምረው?»

ለማነጻጸሪያ ግሩፕ የሌለበት ክረምት ያስፈልግ ነበር፤ እሱም ተገኝቷል። በሰኔ 2012 መጨረሻ፣ አገር ሐዘንና ሁከት ላይ ሳለች፣ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። የኮሮና ዓመት ስለነበር ሰዉ ጭምብል አጥልቆ፣ በጭቃው ላይ በተጋደመ ሳንቃ እየተሻገረ መጠያየቅ ጀመረ። ፊት ለፊት ተቀምጦ ግን ገበያ የለም ማለት አስቸገረ፤ ተሸካሚው ከኋላ ካርቶን እየቆጠረ ይወጣል። ስለዚህ ወሬው ወደ ልጆች፣ ወደ ጉልበት ሕመም፣ ወደ አገር ቤት ሄደ። ዐሥር ዓመት ጎን ለጎን ከሠሩ ሰዎች አንዱ የሌላውን የልጅ ቁጥር ያወቀው ያኔ ነው። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ግሩፑ ላይ የወጣው የመጀመሪያ መልእክት «መብራት እናንተ ጋ አለ?» ይላል።

ግሩፑ ከብሶት ሌላ አንድ ቋሚ ሥራ አለው፤ መዋጮ። ሰው ሲታመም ወይም ለቅሶ ሲቀመጥ አንዱ «1» ብሎ ስሙንና ገንዘቡን ይጽፋል፤ ቀጣዩ ያንኑ ቀድቶ «2» ይጨምርበታል። ሁለት ሰው እኩል የቀዱ እንደሆነ ሁለት «14» ይወለዳሉ። ተከታዩ ከሁለቱ አንዱን ይቀዳል፤ ሌላው ከታሪክ ይሰረዛል። የተሰረዘው ሰው ከፍሏልና የቴሌብር ስክሪንሾት ይለጥፋል፤ ይህም ሌሎችን ስክሪንሾት ያስለጥፋል፤ እስከ ማታ ሦስት ዝርዝሮች ሥልጣን ይሻማሉ። በመጨረሻ የእቁቡ ጸሐፊ፣ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው፣ ሱሪያቸውን ቦቲ ጫማ ውስጥ ከትተው ሱቅ ለሱቅ በመዞር በእስክሪብቶ ይመዘግባሉ፤ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንሥተው ይልካሉ። ክርክሩ እዚያ ላይ ይቆማል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብሩ በሴኮንድ ይደርሳል፤ ማን እንደሰጠ የሚታወቀው ግን ጋሼ ዞረው ሲመለሱ ነው። ለጥናቱ የማይመቸው፣ በዚህ ጊዜ ገበያ የለም የሚል ሰው አለመኖሩ ነው። ጃንጥላ ሻጩ ሁልጊዜ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ ነው።

ጥናቱ ጳጉሜን ላይ እንዲዘጋ ታስቦ ነበር። የዘመን መለወጫ ገበያ ሲደራ ግሩፑ ጭር ይላል፤ የሚያማርር ከጠፋ ሰው እየሸጠ ነው። ሆኖም መስከረም አጋማሽ ላይ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ስለሚታይ መዝጊያው ተራዝሟል። ከአባላቱ ብዙዎቹ ለመስቀል ጉራጌ አገር ይገባሉ። ያኔ፣ በዓመት አንዴ፣ ከፍታ በይፋ ይለጠፋል፤ በቆጮ የታጀበ ክትፎ፣ በቅርብ የተነሣ፣ ቅቤው የሚያብለጨልጭ። ለፎቶው ኔትወርክ አለ። ለሌላው የለም።

ባለፈው መስከረም የአራት ሱቅ ቁልፍ በአደራ ይዞ የቀረ አንድ አባል «እንኳን አደረሳችሁ፣ መንገድ እንዴት ነበር?» ብሎ ጻፈ። መልስ የለም። በማግስቱ ደገመ። መልስ የለም። በሦስተኛው ቀን ከክፍለ ሀገር የመጣ ደንበኛ ከፊቱ አቁሞ «ያ በሰማያዊ ካርቶን ያለው በጅምላ ስንት ነው የምትሉት?» ሲል ጠየቀ። መልሱ ደቂቃ ሳይሞላ ከተራራ ማዶ መጣ፦ «1,850። ከዚያ እንዳትወርድ፤ ክረምቱን ሙሉ ባዶ ነው የዋልነው»።